በጥሩምባው አንገት የተጠራ ቀብር

በአንድ ወቅት ከቆዳ ፋብሪካው በታች ባለው ሰፈር፣ ማለትም በእኛው ሰፈር፣ ጋሽ ዘውገ የሚባሉ የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ሦስት ወንዶች ልጆች አሏቸው። እግዜር ለአንዱ እጅ፣ ለአንዱ ጭንቅላት፣ ለአንዱ ድፍረት ሰጣቸው። ሀፍረት ሲታደል ግን ሦስቱም ቤት አልነበሩም።

ትልቁ ደመላሽ በያጅ ነው። የተሰበረ አልጋ፣ የተቀደደ በርሜል፣ የወለቀ የበር ማጠፊያ ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። ብረት በእጁ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። አፉ ግን ዝግ ነው፤ ሰላምታ እንኳ ከእሱ በመከራ ነው የሚወጣው።

መካከለኛው ይነበብ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሳይጨርስ የተመለሰ ነው። ጋደም ብሎ ቁጥር ሲደምርና ሲቀንስ ይውላል። «ይሄ ልጅ ምን ይሠራል?» ብዬ ብጠይቅ «ያስባል» አሉኝ። ያስብ። ሲያስብ ግን የሞላ ባልዲ ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ቢያድር አያስገባም።

ትንሹ አቻምየለህ ደላላ ነው። ቤት ያከራያል፣ በግ ያሻሽጣል፣ ያልታጨች ያጫል። እሳት ውስጥ ግባ ቢሉት «በስንት?» ብሎ የሚገባ ልጅ ነው።

እነዚህ ሦስቱ ተሰብስበው ሮኬት እንሠራለን አሉ። ከተማው የወጣቶች የፈጠራ ውድድር አውጥቶ ነበር፤ ላሸነፈ የመሥሪያ ሼድ ይሰጣል ተብሏል። ሮኬት ስል ሽቅብ የሚበር እንዳይመስላችሁ። የእነሱ መጀመሪያ ታስሮ ነው የሚሞከረው። ሞተር ያሉትን የብረት ቱቦ ድንጋይ ካባው ውስጥ ከምሰሶ ጋር ጠፍረው ይለኩሱታል፣ ከዚያ ምን ያህል እንደሚገፋ ያያሉ።

«ሊበር የተሠራን ነገር የምታስሩት ለምንድን ነው?» አልኩት ይነበብን።

«ታስሮ ያልፈነዳ ነው የሚፈታው» አለኝ።

መከራቸው አፉ ነበር። እሳቱ የሚወጣበት አፍ ጠበብ ያለ አንገት ይኑረው፣ ከአንገቱ በታች ደግሞ እየሰፋ ይሂድ ይላል ይነበብ። የመጀመሪያውን በሲሚንቶ ሠሩት፤ ተፈረካክሶ ሰፈሩን የገማ እንቁላል በሚሸት ጭስ ሞላው፤ ሕፃናቱ ሳምንት ሙሉ አሳላቸው። ሁለተኛውን ከውሃ ቧንቧ ቁራጭ ሠሩት፤ እሳቱ እንደ በሽተኛ ምላስ ተንሻፎ ወጣ። «እንዲህ ያለ ቅርጽ የሚያወጣ ማሽን እኔ ጋ የለም» አለ ደመላሽ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ መዶሻውን እየወረወረ።

አሁን ስለ ጥሩምባው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነው። ነሐስ ነው፤ እድሩን የመሠረቱት ሽማግሌዎች አዋጥተው ያመጡት። ማለዳ ሲነፋ የሰማ ሰው የያዘውን ያስቀምጣል። በእድራችን ደንብ ጥሩምባ ተነፍቶ ከቀብር የቀረ ይቀጣል። ጥሩምባ ካልተነፋ ግን ማንም አይጠየቅም። ይህችን ደንብ ያዙልኝ።

ጋሽ ዘውገ ግማሽ ጎናቸው ሽባ ከሆነ ወዲህ በእሳቸው ቦታ የሚነፋው ደመላሽ ነበር። ጥሩምባው ግን ሊነፋ ካልሆነ በቀር ከአልጋቸው ራስጌ፣ ከሚስማሩ ላይ አይወርድም። አንድ ምሽት ራት ሲበሉ የይነበብ ዓይን እዚያ ሚስማር ላይ አረፈ። ግድግዳችን አንድ ነው፣ ጭቃውም ከረገፈ ቆይቷል፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ቅርጹ ይኸው» አለ ይነበብ። «ጠባብ አንገት፣ ሰፊ አፍ። ተሠርቶ ያለቀ።»

«የእድር ነው» አለ ደመላሽ።

«ቅዳሜ ከሙከራው በኋላ መልሰህ ትበይደዋለህ።»

«አባባስ?»

«አባባ ተኝቷል።»

ተኝተው ይሁን ዓይናቸውን ጨፍነው ይሁን እኔ አልፈርድም። ብቻ ትንፋሻቸው የተኛ ሰው ትንፋሽ አልመሰለኝም።

ያን ጊዜ አቻምየለህ ጥርሱን እየጎረጎረ ምን አለ መሰላችሁ? «እስከ ቅዳሜ ማን ይሞታል?»

ሦስቱም ሳቁ። በነጋታው ደመላሽ ጥሩምባውን አንገቱ ላይ ቆረጠው፣ ይነበብ በለካለት ልክ አጠበበው፣ ከቱቦው ጋርም አያያዘው። ነሐስ የሚበየድበት ዘንግ ስላልነበረው የሬዲዮ ሽቦ በሚያያዝበት እርሳስ ነው ያጣበቀው። እርሳስ በክብሪት የሚቀልጥ ነገር ነው፤ ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱ ደግሞ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።

«ይይዛል?» አለው ይነበብ።

«ለአፍታ።»

«አፍታ ይበቃናል።»

ቅዳሜ ንጋት ላይ እትዬ አጸደ ሞተች።

እትዬ አጸደ አስፋልቱ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤቷ ክርና ሻሽ የምትሸጥ፣ ልጅም ዘመድም የሌላት ሴት ነበረች። አንዲት እህት ነበረቻት፤ እሷም ሩቅ አገር ሞታ አጸደ ልትቀብራት ሄደች። ስትመለስ «አራት ሰው ነበርን፣ አንዱ ሹፌሩ ነው፤ አፈሩ ሳይመለስ ሰዓቱን ያያል» ብላ አለቀሰችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማትደርስበት ቀብር አልነበረም። ዝናብ ይሁን ሐሩር፣ የሚወዷት ይሁኑ የሚያሟት፣ ጃንጥላዋን ይዛ ከፊት ናት። «ልጅ የለኝም፣ ጥሩምባ ግን አለኝ» ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት በእድሩ ስብሰባ ላይ ቆማ በሁላችን ፊት ተናዘዘች። «ጋሽ ደባልቄ ስሙኝ» አለች ለእድሩ ዳኛ። «ይህች ቤቴ ሰፈሩን ጠርቶ ያስቀበረኝ ይውሰዳት። ባዶ እንዳትቀር፣ እንዳትሸጥ፣ እንዳትከፈል። በሰው መሀል ልግባ እንጂ ሌላ ምን አለኝ?» ሰው «አሜን» አለ። ሁሉም የሚያስበው ጋሽ ዘውገን ነበር፤ ጥሩምባውን የያዙት እሳቸው ናቸዋ።

ጠዋት በሯን ባንኳኳ ዝም አለችኝ። ስገባ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ተኝታለች፤ የሆነ ድምፅ የምትጠብቅ ትመስላለች። እየሮጥኩ ጋሽ ዘውገ ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሽ ዘውገ፣ አጸደ አረፈች።»

ወደ ራስጌያቸው ቀና አሉ። ሚስማሩ ባዶ ነው። አዩትና «ደመላሽን ጥሪው» አሉኝ። 

ድንጋይ ካባው ስደርስ ጥሩምባችን እግሯን እንደታሰረች ዶሮ ቁልቁል ተሰቅሏል።

«አጸደ ሞታለች። ጥሩምባውን ፍቱ» አልኳቸው።

ደመላሽ አመድ መሰለ። ሄዶ ጎተተው፣ አልተነቀለም፤ ቱቦውን ከምሰሶው ጋር በሲሚንቶ መርገውታል። ቢነቀልስ አንገቱ ጠቦ፣ የሚነፋበት ጫፉ ተቆርጦ ምን ሊሆን? የተቆረጠውን ጫፍ ከመሬት አንስቶ ወደ አፉ አስጠግቶ ነፋው። የወጣው ድምፅ ሆዱን የነፋው በሬ ድምፅ ነው፤ ሌላ ስም የለውም። አቻምየለህ ሳቀ። ሳቀ! ሰው ሞቶ።

የወንዝ ማዶው እድር ጥሩምባ አለው፤ ግን ጥሩምባ ያዋሰ ሞትን ይጠራል ይባላልና ማንም አያውስም። እኛም አውሰን አናውቅ። ለሰፈሩ ሰው ስልክ ደወልን። «ጥሩምባውን ልስማና እመጣለሁ» አሉን።

እንግዲህ ሦስቱ ልጆች በዚያ ቀን እያንዳንዳቸው ያደረጉትን እነግራችኋለሁ። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

ደመላሽ መሣሪያውን ጥሎ ሮጠ። ያ አፈ ዝግ ሰው በየደጁ ቆሞ «እትዬ አጸደ አርፈዋል፣ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ኑ» እያለ ጮኸ። ቤት አልዘለለም፤ የተጣላቸውን እንኳ አንኳኳ። ምን መለሱለት? «ጥሩምባ አልሰማንም።» «ጥሩምባ ሳይነፋ ደግሞ ማን ይሞታል?» አንዷ፣ አጸደ ሦስት ጊዜ በአራስነቷ ያረሰቻት፣ ከልብስ አጠባዋ ሳትነሣ «ቅጣት አለው እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። «አልተነፋም» አላት፣ መዋሸት አይችልበትም። «እንግዲያው ነፍስ ይማር» ብላ ማጠቧን ቀጠለች። ከኋላው ሆኜ ያየሁት የዚያች ሴት የልብስ አረፋ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ደመላሽ እስከ ቀትር ዞረ፤ ድምፁ እስኪዘጋ፣ ከጉሮሮው ደም የቀላቀለ ምራቅ እስኪተፋ። አጸደ ደጅ ላይ የተሰበሰበው ሰው ግን አስከሬን ተሸክሞ ትከሻ ለመቀያየር እንኳ አይበቃም ነበር።

እኔም ዘጠኝ ሰዓት ሳይደርስ፣ ቢያንስ የሚሸከም ጉልበት ልለምን ብዬ ወደ ድንጋይ ካባው ተመለስኩ። እንግዶቹ መጥተዋል። ውድድሩን ሊዳኙ ከከተማው የመጡ ናቸው፤ ጃንጥላ ተይዞላቸው የታሸገ ውሃ ይጠጣሉ።

ይነበብ ምሰሶው ስር ተንበርክኮ አንገቱን ሲመረምር አገኘሁት። ጣቱን በእርሳሱ መገጣጠሚያ ላይ ዙሪያውን አስኬደው። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን አስጠጋ፣ ትንፋሹን ያዘ፣ ከዚያ ቀና ብሎ ወደ አጸደ ቤት አቅጣጫ ተመለከተ። ለወንድሙ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እንግዶቹን «ወደ ኋላ፣ ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ» ብሎ አስሄደ። እኔንም ክንዴን ይዞ ወሰደኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ቪዲዮ ሊቀርጽ ስልኩን ሲያነሣ፣ እሱ ብቻ ገና ክብሪት ሳይጫር ሁለት መዳፉን ጆሮው ላይ ለጠፈ። በዓይኔ ያየሁት ነው።

አቻምየለህ ክብሪቱን የያዘው ነው። «አንተ ልጅ፣ ተው። የሚሸከማት ጠፍቷል፤ ና ወንድሞችህን ይዘህ» አልኩት።

«እትዬ ዘነቡ፣ እሷ እንደሆነ ሞታለች፣ ከእንግዲህ የሚያስቸኩላት የለም። እኛን ግን እንግዳ ቆሞ እየጠበቀን ነው» አለኝ።

ምራቄን ተፋሁ። እሱ ሄዶ ለኮሰው። ሌላ ማንም ሊጠጋው አልደፈረም፤ ይህን መካድ አልችልም። በእጁ፣ በቅርቡ፣ ፊቱን ሳያዞር ለኮሰው።

መጀመሪያ ፉጨት ነበር። ከዚያ እርሳሱ ሲቀልጥ ታየኝ፤ ከአንገቱ ነጭ ዕንባ የመሰለ ነገር ተንጠባጠበ። የይነበብ ጣት የቆመበት ስንጥቅ ተከፈተ፣ እሳቱ በዚያች ጠባብ ክፍተት ልውጣ ብሎ ነሐሱን አንቀጠቀጠው። ያን ጊዜ ጥሩምባው ጮኸ። ወገኖቼ፣ ጮኸ! ጋሽ ዘውገ በጉብዝናቸው ጊዜ እንኳ እንዲህ አላስጮኹትም። ድንጋይ ካባው ተቀብሎ አስተጋባው፣ ውሾች ሁሉ አላዘኑ፣ ከዛፉ ላይ አሞራ አልቀረም። ረጅም ነው፣ የሚያለቅስ ነው፣ ልክ እንደ ማለዳው። ከዚያ አንገቱ ተበጠሰ። ሰፊው አፉ በጭንቅላታችን ላይ ተወንጭፎ ሄዶ የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ቦይ ውስጥ ወደቀ። የአቻምየለህ ቅንድብ ነደደ፣ ክንዱ ተላጠ። እንግዶቹ ጃንጥላቸውን ጥለው ሮጡ። ሼድ የሚባለው ነገር እዚያው አበቃ።

ሰፈሩስ? ከየቤቱ ፈሰሰ። «ማን ነው? ማን ሞተ?» ነጠላውን አዘቅዝቆ የሚሮጥ፣ ባንድ እግሩ ጫማ ያደረገ። ደመላሽ መንታ መንገዱ ላይ ቆሟል፤ ድምፁ ዘግቶ መናገር አቅቶታል። ለጠየቀው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ወደ አጸደ ደጅ ብቻ ያመለክታል። ሰውም በእጁ አቅጣጫ ጎረፈ። ከወንዝ ማዶ ሳይቀር መጡ። ቄሶቹ እንዲህ ያለ ቀብር የባለጸጋም አላየን አሉ። የጠዋቷ አጣቢ፣ እጇ ገና በሳሙና እንደተጨማተረ፣ «እህቴን! እህቴን!» እያለች ከሁሉ በላይ ደረቷን ደቃች። ቅጣት እንዳይመጣባት ነው። እኔ ለማልቀስ የነበረኝን ዕንባ እሷን ሳይ ዋጥኩት።

አጸደ ግን በሰው መሀል ገባች። የፈለገችው እሱን ነበር።

በሠልስቱ፣ ድንኳኑ ሳይነቀል፣ ሐዘንተኛው ንፍሮውን ሳይጨርስ፣ ሦስቱ ወንድማማቾች ጋሽ ደባልቄ ፊት ቆሙ። ለይቅርታ መስሎኝ ነበር። ለቤቷ ኖሯል!

ደመላሽ በተሰነጠቀ ድምፁ «ጠርቶ ያስቀበረኝ ነው ያሉት። ለእሳቸው ብዬ የጮኽኩ እኔ ብቻ ነኝ። ጥሩምባው ሲጮህም የማን ቀብር እንደሆነ የነገርኩ እኔ ነኝ» አለ።

«ባፍህ ስንት ሰው መጣልህ?» አለ አቻምየለህ፣ በተጠቀለለ ክንዱ እየጠቆመ። «ሰፈሩን ከቤቱ ያወጣው የለኮሰ እጅ ነው። ቅንድቤ የታል? ለማን ነው የነደደው?»

«ለሼዱ ነዋ!» አልኩ ከኋላ። ሰው ሳቀ።

«ለማንስ ይሁን፣ ጠራ አልጠራም?» አለኝ። እሱስ ጠርቷል።

ይነበብ መሬት እያየ ተናገረ። «ስንጥቁን አይቼው ነበር። እንደሚበጠስ፣ ሳይበጠስ በፊት ደግሞ እንደሚጮህ አውቄያለሁ። ማስቆም እችል ነበር፤ ሼዱን ትቼ እንዲጮህ ተውኩት። ደመላሽ ፈልጎ አልቻለም። አቻምየለህ ሳይፈልግ ሆነለት። አውቄ የጠራኋት እኔ ነኝ።»

«ወንድምህ ቢሞትስ?» አሉት ጋሽ ደባልቄ።

ይነበብ የአቻምየለህን የተጠቀለለ ክንድ አየ።

«ውሸቱን ነው!» ብሎ ጮኸ አቻምየለህ። «ከሆነ በኋላ ሁሉም ነቢይ ነው።»

ጆሮውን አስቀድሞ እንደያዘ ማየቴን ተናገርኩ። «እሳት ሊለኮስ ሲል ጆሮውን የማይዝ ማን አለ?» አሉኝ። ይህም እውነት ነው።

ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። ገሚሱ ልብ ይታያል አለ፣ ገሚሱ ሥራ ይታያል አለ። አንዱ «ጥሩምባ ለሚቆርጥ ቤት መስጠት ነገ መቃብር ማስቆፈር ነው፤ ለማናቸውም አይገባ» ቢል፣ ጋሽ ደባልቄ «ባዶ እንዳትቀር ብላለች፤ የሙት ቃል ነው» አሉት። እንከፋፍላት ያለም ነበር። አንድ ክፍል፣ ያውም አትከፈል የተባለች፣ እንዴት ተደርጋ?

«ጋሽ ዘውገ ይውሰዷት፣ ጥሩምባው በእሳቸው እጅ ነበር» የሚል ተነሣ። ስለዚህ ጋሽ ዘውገን በወንበር ተሸክመን አመጣን። ያን ጊዜ አንዱ ሰውዬ ከቦይ ያወጣውን የጥሩምባ አፍ ይዞ ገባ። ጠቁሯል፣ ተጣሟል፣ የቆዳ ፋብሪካው እድፍ ይንጠባጠብበታል። ሽታው ድንኳኑን ሲሞላው ሁሉም አፍንጫውን ያዘ። ጋሽ ዘውገ ብቻ አልያዙም። ተቀበሉት፣ በደህና እጃቸው ጠረጉት፣ ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«እኔ አልጠራኋትም፤ እኔን አታንሡ» አሉ። ከዚያ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ አዩአቸው። «የእኔ ቀን ሩቅ አይደለም። እኔንስ በምን ትጠሩልኛላችሁ?»

 

የቤቷ ቁልፍ እስከ ዛሬ ጋሽ ደባልቄ ኪስ ውስጥ ነው። በሯ ተዘግቷል፤ መስኮቷ ላይ ያሉት ክሮች ፀሐይ እየበላቸው ነው። ሰፈሩ በየምሽቱ ይጣላበታል፤ ባልና ሚስት በዚህ ነገር የተኳረፉ አሉ። እኔ ሦስቱንም ሳይ መንገድ እቀይራለሁ፤ ግን ከሦስቱ ለአንዱ መሰጠቷ የግድ ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ስትፈርዱም የራሳችሁን ቀን እያሰባችሁ ይሁን። አንዱ ከልቡ ጮኾ ማንም አልሰማውም። አንዱ አውቆ ዝም አለ፤ አወቀም አላወቀም ምስክሩ የገዛ አፉ ብቻ ነው። አንዱ ለሬሳዋ ደንታ ሳይኖረው አገር ሰበሰበላት። ጥሩምባውን የቆረጡት ሦስቱም ናቸው። የእትዬ አጸደ ቤት ለማንኛው ይገባል?